ጀልባ ነው ወይስ አውሮፕላን? የኤልካክ ጉዳይ፣ ከኮምቦልቻ ሻይ ቤት ሲታይ

ነገሩ የተነሳው ኮምቦልቻ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ነው። አጎቴ የድሮ የተሳቢ ሹፌር ናቸው። ወጣትነታቸው ያለቀው በባቲ፣ በሚሌ አድርገው አሰብ እየወረዱ፣ ጭነው ሲመለሱ ደግሞ ሐረጎን እያቃሰቱ ሲወጡ ነው። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ግራጫ፣ ሰፊ፣ ቤት የሚያክል ነገር ውሃውን እንደ አቧራ እያቦነነ ከባህሩ ላይ ይመጣል። ዳርቻው ላይ ሲደርስ አሁን ይቆማል ስትሉ አይቆምም፤ አሸዋው ላይ ይወጣል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ እንደደከመው በሬ ተንፍሶ ቁጭ ይላል። ፊቱ ይከፈታል። ከሆዱ ታንክ ይወጣል።

«ይሄ ጀልባ ነው መኪና?» አሉ።

«ሆቨርክራፍት ይባላል ጋሼ። የሚነዱት ሰዎችማ ‹ስናበር› ነው የሚሉት።»

«ስናበር! እና ሊብሬው ላይ ምን ብለው ጻፉት?»

ሳቅን። ግን ቤት ገብቼ ሳስበው የአጎቴ ጥያቄ የዚህን ዕቃ ታሪክ ግማሹን ይነግራል። ስለዚህ አንዱን፣ የአሜሪካ ባህር ኃይል ኤልካክ ብሎ የሚጠራውን፣ ከችግሩ እስከ ዛሬው ድረስ ዘርዝሬ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።

አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ

የዕቃ መንገድ ሁሌ የሚከብደው መጨረሻው ላይ ነው። ይህን አጎቴ ከማንም በላይ ያውቁታል። ተሳቢው መቶ ኪሎ ሜትሮችን ያለ ችግር ይመጣል፣ አስፋልቱ ሲያልቅ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለችው ሁለት ኪሎ ሜትር የአህያ ናት። ዕቃው የሚዘገየውም፣ የሚሰበረውም፣ የሚጠፋውም እዚያች ላይ ነው።

ባህር ላይም እንደዚያው ነው። ትልቅ መርከብ ውቅያኖስ ያቋርጣል፣ ነገር ግን ወደብ በሌለበት ዳርቻ አይጠጋም። ከመርከቡ ወደ መሬት የሚያደርስ ትንሽ ጀልባ ያስፈልጋል። ትንሿ ጀልባ ደግሞ ሆዷ ውሃ ውስጥ ነው። ከስር አለት ካለ ትመታለች፣ ጭቃ ካለ ትቀረቀራለች።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በደም የታየው ኖቬምበር 20 ቀን 1943፣ ፓስፊክ ውስጥ ታራዋ የሚባል የደሴቶች ቀለበት ላይ ነው። የአሜሪካ ማሪኖች ቤቲዮ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ከጃፓኖች ሊወስዱ መጡ። ደሴቷን የኮራል አለት ከቧታል፤ አለቱ ከውሃው በታች፣ ከዳርቻው በብዙ መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ነው። ሂጊንስ የሚባሉት ጀልባዎች አለቱን ለማለፍ ወደ 1.2 ሜትር የሚሆን ውሃ ይፈልጋሉ። የዚያን ቀን ግን ባህሩ ከታሰበው በላይ ሸሽቶ ነበር። ጀልባዎቹ አለቱ ላይ ቆሙ። ወታደሮቹ ወረዱና እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ፣ መሣሪያቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘው፣ መትረየስ እየዘነበባቸው በእግራቸው ሄዱ። በ76 ሰዓት ውስጥ 1,000 ገደማ አሜሪካውያን ሞቱ። አለቱን መሻገር የቻሉት ሰንሰለት ጎማ ያላቸው አምፊቢያን ተሽከርካሪዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ቀርፋፋ ናቸው፣ ቁጥራቸውም አልበቃም።

ሀይቅ ከተማ ሄዶ የሀይቁን ዳር ያየ ሰው ነገሩ በትንሹ ይገባዋል። ደንገሉ ባለበት በኩል ታንኳ ለማስገባት የሚገፋው ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ይሰጥማል። ውሃው ለመራመድ ጥልቅ ነው፣ ለመቅዘፍ ጥልቅ አይደለም። እንግዲህ እዚያ ላይ ሰው እየተኮሰባችሁ ነው በሉ።

ከጦርነቱ በኋላም የማረፊያ ጀልባው ብዙ አልተለወጠም። ታንክ የሚሸከሙት ጀልባዎች በ10 እና በ12 ኖት መሀል ነው የሚሄዱት፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የደሴ ባጃጅ ትቀድማቸዋለች። ቀርፋፋ ስለሆኑ መርከቡ ወደ ዳርቻው ቀርቦ ነው የሚያወርዳቸው፤ መርከቡ ሲቀርብ ደግሞ ከመሬት የሚተኮስ ሚሳይልና መድፍ ያገኘዋል። ችግሩ ሁለት ሆነ። አንዱ የመጨረሻው አለትና ጭቃ፤ ሁለተኛው የመርከቡ መቅረብ።

ብርጭቆው

ሻይ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃታል። በሙቅ ውሃ የታጠበ ብርጭቆ እርጥብ ጠረጴዛ ላይ ሲደፋ፣ ማንም ሳይነካው ሸርተት ይላል። ልጆች ሆነን «ጅን ገፋው» እንል ነበር። ውስጡ የታፈነው አየር ይሞቅና ያብጣል፣ ብርጭቆውን በጣም በስሱ ያነሳዋል፣ ከንፈሩ ከጠረጴዛው ጋር መታገሉን ይተዋል። በቃ። ሆቨርክራፍት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አየሩን በሙቀት ሳይሆን በማራገቢያ ከስር እየነፉ ማቆየታቸው ነው።

ሐሳቡን ወደ ሥራ ያመጣው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ክሪስቶፈር ኮከረል ነው። ማርኮኒ ኩባንያ ውስጥ ሬዲዮና ራዳር ሲሠራ ኖሮ፣ በኋላ ትንሽ የጀልባ መሥሪያ የከፈተ ሰው ነው። 1955 ላይ ያደረገው ሙከራ የወጥ ቤት ሥራ ይመስላል፦ የድመት ምግብ ቆርቆሮ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ከተተ፣ በሁለቱ መሀል ባለው ቀለበት አየር ነፋ፣ ከስር የወጥ ቤት ሚዛን አስቀመጠና ግፊቱን ለካ። አየሩ በጠባብ ቀለበት ሲወጣ፣ በአንድ ሰፊ ቀዳዳ ከሚወጣው ይልቅ ሚዛኑን በጣም አብልጦ ተጫነው።

ወደ መንግሥት ይዞት ሲሄድ የሆነውን ኮከረል ራሱ እየሳቀ ያወራው ነበር። ባህር ኃይሉ «ይሄ አውሮፕላን ነው» አለ። አየር ኃይሉ «ይሄ ጀልባ ነው» አለ። ምድር ጦሩም አልፈለገውም። ማንም ሳይወስደው ግን «ሚስጥር ነው» ብለው ቆለፉበትና ሰውየው ለማንም እንዳያሳይ ሆነ። (አጎቴ እዚህ ላይ ጭናቸውን መትተው «አላልኩም? ሊብሬ ነው የቸገራቸው!» አሉ።) ሚስጥርነቱ ሲነሳለት ሳውንደርስ ሮ የሚባለው ኩባንያ ዋይት ደሴት ላይ ኤስ አር ኤን 1 የተባለውን ሠራ። ጁላይ 25 ቀን 1959 ከፈረንሳይዋ ካሌ ተነስቶ የእንግሊዟ ዶቨር ገባ፣ ፈረንሳዊው ብሌሪዮ ያንኑ ባህር በአውሮፕላን በተሻገረ ልክ በ50ኛ ዓመቱ። ኮከረልም አብሮ ነበር፤ ሥራው ከፊት ለፊት ቆሞ ወዲህና ወዲያ እያለ በክብደቱ ሚዛን መጠበቅ ነበር። ፈጣሪው እንደ አሸዋ ከረጢት መሆኑ ነው እንግዲህ።

ጉርዱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታሪኩ ያለቀ ይመስለዋል። ለእኔ ግን ጉዳዩ ገና የሚጀምረው እዚህ ነው።

ኤስ አር ኤን 1 ከውሃው ከፍ የሚለው በ23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ የሆነ ማዕበል ወይም ድንጋይ ሲመጣ ሆዱን ይመታል። የበለጠ ከፍ ላድርገው ካልክ አየሩ በጎን ያመልጣል፣ ሞተሩ በእጥፍ መድከም አለበት። በዚህ መልኩ ቢቀር ለሽርሽር እንጂ ለጦር አይሆንም ነበር።

መፍትሔው ላቲመር ኒድሃም ከሚባል ሌላ እንግሊዛዊ መጣ፦ ዙሪያውን የሚንጠለጠል የጎማ ጉርድ። አዎ፣ እንደ ሴት ጉርድ ቀሚስ። አየሩ ጉርዱ ውስጥ ይታፈናል፤ ማዕበል ሲመጣ ጎማው ይታጠፍለታል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። ጠንካራው አካል ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ለስላሳው ከስር ይጎተታል። ይህ ከገባ በኋላ ሃያ ሴንቲ ሜትር የነበረው ነገር ወደ ሜትር ተጠጋ። በእኔ ግምት ሆቨርክራፍትን የጦር ዕቃ ያደረገው የቡና ቆርቆሮው ሳይሆን ይህ ጨርቅ መሰል ነገር ነው፤ ስሙን የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ጉርዱ በኋላ ይበልጥ ተሻሽሎ ላዩ የተነፋ ቦርሳ፣ ታችኛው ጫፉ ደግሞ እንደ ጣት የተቆራረጠ ሆነ። ጣት የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንዱ ድንጋይ ቢቀደው ያንኑ ጣት ብቻ ፈትተህ ትቀይራለህ፣ ሌላው ይቀጥላል።

«እና ጎሚስታ አብሮ ይሳፈራል በለኛ» አሉ አጎቴ።

ልክ ናቸው፣ ማለት ይቻላል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቬትናም ላይ የታየው

አሜሪካኖቹ መጀመሪያ የሞከሩት ትንሹን ነው። ቤል የተባለው ኩባንያ የእንግሊዞቹን ኤስ አር ኤን 5 ይዞ ለጦር አስተካከለው፣ ባህር ኃይሉም 1966 ላይ ሦስቱን ወደ ቬትናም ላከ። ረግረጉ ላይ፣ ሩዝ ማሳው ላይ፣ ጀልባም መኪናም በማይገባበት በ60 ኖት ይበር ነበር። ፊቱ ላይ የሻርክ ጥርስ ሥለውበት ነበር፤ ለማስፈራራት ይሁን ለደስታ እንጃ። ምድር ጦሩም 1968 ላይ የራሱን ሦስት አመጣ፤ ሁለቱ 1970 ላይ ተመትተው ወደሙ።

የተማሩት ነገር አጭር ነው። የትም ይገባል። ግን ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል፣ ዋጋውና ጥገናው ናላ ያዞራል፣ ለማሳደድ ሥራ ሄሊኮፕተር ይሻለዋል። እንግዲያ ለምን ይሆናል? ከባድ ዕቃ ከመርከብ ወደ መሬት ለማድረስ። ሄሊኮፕተር ታንክ አያነሳም።

ጄፍ ኤ እና ጄፍ ቢ

የውሳኔው ልብ ይሄ ነው። ባህር ኃይሉ 1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ «አንድ ዋና ታንክ የሚሸከም፣ 60 ቶን ጭኖ በ50 ኖት የሚሄድ» የሚል ፍላጎት አወጣና ለአንድ ኩባንያ አልሰጠም። ለሁለት ሰጠ። ኤሮጄት ጄኔራል ጄፍ ኤን ሠራ፣ ቤል ጄፍ ቢን ሠራ። ሁለቱም ስድስት ስድስት የጋዝ ተርባይን ሞተር ነበራቸው፣ መጠናቸውም ተቀራራቢ ነው። አስተሳሰባቸው ግን ለየቅል ነው።

ጄፍ ኤ በአራት ማዕዘኑ አራት ፕሮፔለሮች አሉት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይዞራል። በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ወደ ጎንም፣ ወደ ኋላም፣ እንደፈለገ። ጄፍ ቢ ከኋላ ሁለት ትልልቅ ፕሮፔለር ብቻ አለው፤ ከፊት ደግሞ ከማንሻው አየር ላይ ትንሽ ቀንሶ በሚዞር ቱቦ ይተፋና ፊቱን ያዞራል። ፍሎሪዳ፣ ፓናማ ሲቲ ወስደው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈተኗቸው፦ ማዕበል ላይ፣ አሸዋ ላይ፣ ጭነው፣ ባዷቸውን፣ መርከብ ሆድ ውስጥ ገብተው ወጥተው።

ምርጫው ወደ ጄፍ ቢ ዘነበለ። ኤልካክ የተወለደው ከእሱ ነው። እኔ በግሌ ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ አራት የሚዞር ፕሮፔለር ማለት በጨው ውሃ የሚበላ አራት መጋጠሚያ ማለት ነው፣ ያንን የሚጠግነው ደግሞ መርከብ ውስጥ ያለ የ20 ዓመት ልጅ ነው። ሌላም ነገር አደረጉ፣ ይህን ነው የማደንቀው፦ ስድስቱን ሞተር ወደ አራት አወረዱት። በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ ሁለቱ ተጋግዘው የዚያን ጎን ማንሻ ማራገቢያም ፕሮፔለርም ያዞራሉ። ድምሩ 16,000 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው።

የምርት ውሉ 1981 ላይ ለቤል ተሰጠ፣ የመጀመሪያው 1984 መጨረሻ ላይ ተረከቡት፣ 1986 ላይ ለሥራ ብቁ ተባለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጀርመንታውን በምትባል መርከብ ሆድ ውስጥ ሆኖ ወደ ሩቅ ባህር ወጣ። እስከ 2001 ድረስ 91 ተሠሩ። አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። ጀልባው ብቻውን ምንም አይደለም፤ በሆዷ የምትይዘው፣ ከኋላ በር ያላት መርከብ ትፈልጋለህ። ለኤልካክ ተብላ የተነደፈችው የዊድቢ አይላንድ ዓይነት መርከብ አራቱን ትይዛለች። የሆቨርክራፍት ፕሮጀክት ስትሉ እንግዲህ የመርከብም ፕሮጀክት ነው።

የአጎቴ ሂሳብ

አጎቴ ስለ ጦርነቱ ብዙም አልጠየቁም። የጠየቁት ሹፌር የሚጠይቀውን ነው። ስንት ይጭናል? በሊትር ስንት ይሄዳል? ሲመለስስ?

ስንት ይጭናል፦ በደንቡ 60 ቶን፣ ከተጨነቁ 75። ሠራተኞቹ አምስት ናቸው። ደስ የሚለው ነገር ነጂው መኮንን አይደለም፣ ልምድ ያለው ባለሌላ ማዕረግ ነው።

ነዳጅ፦ ታንከሩ 5,000 ጋሎን ይይዛል፣ በሰዓት በአማካይ 1,000 ጋሎን ይበላል። ወደ 3,800 ሊትር በሰዓት! ጭኖ በ40 ኖት ሲሄድ 200 የባህር ማይል ይደርሳል፣ 370 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያህል። እስክሪብቶ አወጣን። በኪሎ ሜትር 51 ሊትር ግድም መጣ። የአጎቴ ተሳቢ ጭኖ በአንድ ሊትር ሁለት ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር ይላሉ። መቶ እጥፍ ነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ሻያቸውን አማሰሉ።

«ሲመለስ ማንም ነዳጅ አይሰጠውም አይደል?»

«አይሰጠውም ጋሼ።»

«ስለዚህ ደርሶ መልሱ ነው የሚቆጠረው።»

በትክክል። መርከቡ 45 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከዳርቻ በማይታይበት ቆሞ ይልከዋል እንበል፤ ባቲ ቆመህ ዕቃ ወደ ኮምቦልቻ እንደመላክ ያህል ነው። ኤልካክ ያንን በ40 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። የድሮው ጀልባ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። የተገዛው ነገር ይሄ ነው። ፍጥነቱን ለፍጥነት ብለው አልገዙትም፤ መርከቡን ከሚሳይል የሚያርቅ ርቀት ነው የገዙት፣ ዋጋውንም በነዳጅ ከፈሉ።

ሁለተኛውን ችግር፣ አለቱንና ጭቃውን፣ በተመለከተ እኔም በካልኩሌተር አንድ ነገር ሞከርኩ። ጭኖ 170 ቶን አካባቢ ይመዝናል፣ የሚያርፍበት የአየር ትራስ በግምት 27 በ14 ሜትር ነው። ክብደቱ በዚያ ስፋት ሲከፋፈል በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው 50 ግራም ቢደርስ ነው። በባዶ እግሩ የቆመ ሰው መሬቱን የሚጫነው ከዚህ ሦስት አራት እጥፍ ይበልጣል። የሀይቁ ዳር ጭቃ እኔን ሲውጥ እሱን አይውጠውም። የአሜሪካ ባህር ኃይልም የተለመደው ጀልባ ከዓለም ዳርቻዎች 15 በመቶ በሚሆነው ላይ ብቻ ሲያርፍ፣ ኤልካክ ከ70 በመቶ በላይ በሆነው ላይ ያርፋል ይላል። ተከላካዩ አንድ ሁለት ቦታ አጥሮ መተኛቱ ቀረለት፤ ዳርቻውን በሙሉ መጠበቅ አለበት።

ግን ፍሬን የለውም! ከመሬት ጋር አልተነካካማ፣ በምን ይይዛል? ለመቆም 460 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ በሙሉ ፍጥነት ለመዞር ደግሞ ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ራዲየስ። በጎን ያዘነበለ መሬት ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል።

«ሐረጎ ላይ የመጀመሪያዋንም ኩርባ አያልፋትም» አሉ አጎቴ፣ ትንሽ ደስ ብሏቸው።

ጥገናው ደግሞ ሌላ መዓት ነው። ማራገቢያው የጨው ውሃና አሸዋ እያቦነነ ራሱ ላይ ይረጨዋል፤ አሸዋው የፕሮፔለሩን ጠርዝ ይበላል፣ ጨው ተርባይኑ ውስጥ ይገባል፣ የአሉሚኒየሙን አካል ይቦረቡራል። ጉርዱ ይቀደዳል። ስለዚህ ከየጉዞው በኋላ መታጠብ፣ መፈተሽ፣ ጣት መቀየር አለ። ክፍት መደቡ ላይ ሰው መጫንም አይቻልም፣ ይታፈናል፣ ይደነቁራል፤ ወታደር ካለ ጎን ካሉት ዝግ ክፍሎች ውስጥ ወይም ለሰው ተብሎ በሚጫን ዝግ ቤት ውስጥ ነው የሚሄደው። ጋሻም የለውም ማለት ይቻላል። 20 ዓመት እንዲያገለግሉ የተሠሩት ጀልባዎች ከ2000 ጀምሮ እየታደሱ ዕድሜያቸው ወደ 30 ዓመት እንዲደርስ ተደረገ።

ሶቪየቶች በነገራችን ላይ ሌላ መንገድ ነው የሄዱት። የእነሱ ዙብር 57 ሜትር ይረዝማል፣ ጭኖ 555 ቶን ይመዝናል፣ ሦስት ታንክ ያነሳል፣ መድፍና ሮኬትም አለው። እናት መርከብ አይፈልግም፣ ከራሱ ዳርቻ ተነስቶ የጎረቤት ዳርቻ ላይ ይወጣል። ለባልቲክና ለጥቁር ባህር ይሆናል፣ ርቀቱ አጭር ነው። አሜሪካኖቹ ግን ጦርነታቸው ሁሌ ከውቅያኖስ ማዶ ስለሆነ በመርከብ ሆድ የሚገባ ትንሽ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር። ዙብርን ግሪክ ገዛችው፣ ቻይናም ከዩክሬን አዘዘችው።

ሥራ ላይ ሲውል

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ እኔ ከጠበቅሁት ውጭ የሄደው።

1991፣ የባህረ ሰላጤው ጦርነት። ከኩዌት ዳርቻ ወዲያ ወደ 17,000 የሚጠጉ ማሪኖች መርከብ ላይ ናቸው፣ ኤልካኮቹም አብረው አሉ። ኢራቅ ዳርቻውን በሽቦና በፈንጂ አጥራ ብዙ ጦር እዚያ አስቀምጣለች። ፌብሩዋሪ 18 ቀን ትሪፖሊና ፕሪንስተን የተባሉት ሁለት የአሜሪካ መርከቦች በአንድ ቀን የባህር ፈንጂ መታቸው። ማረፉ ኩዌት ላይ ሳይደረግ ቀረ። ማስመሰያ ሆነ፤ የኢራቅ ጦር ፊቱን ወደ ባህር አዙሮ ሲጠብቅ ዋናው ጦር በምድረ በዳው በኩል መጣ። ለአለትና ለጭቃ የተሠራው መሣሪያ ትልቁን የጦርነት ሥራውን የሠራው ባለመውረድ ነው።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል መጨረሻ ላይ፣ ባንግላዴሽን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የጨረሰ አውሎ ነፋስ መታት። ከጦርነቱ ወደ አገራቸው ይመለሱ የነበሩት መርከቦች ሜይ ላይ መንገዳቸውን ቀይረው ሄዱ። ወደብ የለም፣ መንገድ የለም፣ ዳርቻው ጭቃ ነው። ኤልካክ ጭቃው ላይ ወጥቶ ምግብና ውሃ አወረደ። 1992 ዲሴምበር ጎረቤታችን ሞቃዲሾ ላይም ታዩ፤ ያኔም የተኮሰባቸው ጦር አልነበረም። 2004 ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ሱናሚው የኢንዶኔዥያን የአቼ ግዛት ምዕራባዊ ዳርቻ በልቶት፣ መንገዱና ድልድዩ ተጠርጎ መላቦህ ከተማ ተቆርጣ ስትቀር፣ 2005 ጃንዋሪ ላይ አሁንም እነሱ ናቸው አሸዋው ላይ የወጡት።

እስከ ዛሬ እንደ ታራዋ ያለ፣ በተኩስ ውስጥ የተደረገ ማረፍ ኤልካክ አላደረገም። ይህን ሰዎች ሲሰሙ «ገንዘቡ ባከነ» ይላሉ። እኔ እንዲያ አልልም። ለአንድ ችግር የሠሩት ነገር ለሌላው ልክ ሆኖ የተገኘው ችግሩ አንድ ስለሆነ ነው፦ ወደብ የለም፣ መንገዱ ተቆርጧል፣ ዕቃው መድረስ አለበት። እኛ ሰሜኖች ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ ከወዲያ ማዶ የቆመ መኪና ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። በርግጥ በሰዓት 3,800 ሊትር የሚጠጣ ነገር የቦርከናን ማዶ ለመሻገር ማንም አያመጣልንም።

ሌላው ያላሰቡት ነገር ታንኩ ነው። ጄፍ ሲነደፍ የነበረው ታንክ 50 ቶን ገደማ ነበር። አብራምስ የሚባለው አዲሱ ታንክ መጣ፣ እያደር ጋሻ እየተጨመረለት ከ60 ቶን በላይ ገባ። 60 ቶን ተብሎ የተሠራው ጀልባ አንዱን ታንክ ለማንሳት «ከተጨነቁ» በሚለው ልክ መሥራት ጀመረ፤ ያውም ባህሩ ሰላም ሲሆን። ሞቃት አየር ደግሞ ተርባይኑን ያደክመዋል፣ አብዛኛው ሥራ ያለው ሞቃት አገር ነው።

ስለዚህ 2012 ላይ ተተኪው ለቴክስትሮን ተሰጠ። ቤልን ከድሮም የያዘው ኩባንያ ነው፤ ገመዱ አልተበጠሰም። ከሩቅ ሲታይ ያው ነው፣ ከጎን ቆሞ ካላየው ሰው አይለየውም። ሞተሩ ግን ሮልስ ሮይስ ኤም ቲ 7 ሆኗል፣ ጉልበቱ ጨምሯል፣ ጭነቱ ወደ 74 ቶን አድጓል፣ ይህም በጭንቅ ጊዜ ሳይሆን በደንቡ። የማርሽ ሣጥኑ በየጎኑ አንድ ሆኖ ቀለለ፤ ሲፈተን ያስቸገራቸውም እሱው ራሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን 2020 ላይ ተረከቡ። ጋቢናው እንደ አውሮፕላን ሆኖ ዋና አብራሪና ረዳት አብራሪ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ሁለቱም መሪ አላቸው። ኮምፒውተሩ ብዙውን ሥራ ስለያዘው ሠራተኞቹ ከአምስት ወደ አራት ወረዱ።

ይህን ስነግራቸው አጎቴ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ያው ረዳቱን ነዋ ያስወረዱት!»